ሳትበደር የከፈለችው ሴሚስተር

የተማሪዎች ብድር ቢሮ ሠራተኛው ገና ወንበር ላይ ሳንደላደል ውሃ አቀረበልን። ነገሩ እንደተበላሸ ያኔ ገባኝ። ቢሮ ገብቶ ሳይጠይቅ ውሃ የሚቀርብለት ሰው ሊከለከል የተዘጋጀ ሰው ነው።

ልጁ ፕሪዊት ይባላል። ጢሙ ገና በቅጡ ያልሞላ፣ ትሑት፣ ሲናገር ክራቫቱን የሚነካካ ነው። የወንድሜ ልጅ ሊታ ስታምፐር ከጎኔ ተቀምጣለች። ሊታ በወረዳችን ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ዘጠኝ ዓመት የሠራች ነርስ ናት። ከሁለት ወር በፊት ሥራዋን ለቃ ሰመመን ሰጪ ነርስ የሚያደርጋትን የሦስት ዓመት ትምህርት ጀምራለች። ኦፕራሲዮን ሲደረግ በሽተኛውን የሚያስተኙት፣ እስኪነቃም ትንፋሹን አጠገቡ ሆነው የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ትምህርቱ ፋታ ስለማይሰጥ ጎን ለጎን ሥራ መያዝ አይቻልም። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ከፍላለች። የመጣነው ለሚቀጥለው ብድር ለመጠየቅ ነው። መኪናዋ ጋራዥ ስለገባ ያመጣኋት እኔ ነኝ።

"የጠየቅሽውን ያህል አልተፈቀደም" አላት ፕሪዊት። "ከዚህ ወር መግቢያ ጀምሮ አዲሱ ሕግ ሥራ ላይ ውሏል። ድሮ ትምህርቱ የሚጠይቀውን ያህል ከመንግሥት መበደር ይቻል ነበር። አሁን ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ጣሪያው በዓመት ሃያ ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ለሙያ ዲግሪ ተማሪ ሃምሳ ሺህ።"

የሊታ ትምህርት ኪራዩና ምግቡ ተጨምሮ በዓመት ስልሳ ሺህ ይጠጋል።

"እና የሷ የሙያ ዲግሪ ነዋ" አልኩ።

"አይደለም፣ እትዬ።"

"እንዴት አይደለም?"

"በሕጉ ትርጉም ማለቴ ነው። ነርስነት ዝርዝሩ ውስጥ የለም።"

"እነማን አሉ ዝርዝሩ ውስጥ?"

በጣቱ ይቆጥር ጀመር። ሐኪም፣ የጥርስ ሐኪም፣ ጠበቃ፣ ፋርማሲስት፣ የእንስሳት ሐኪም፣ የዓይን፣ የእግር። የአንዱ እጅ ጣቶች አልቀው ወደ ሌላው ተሻግሯል። "የጀርባ አጥንት የሚያቃኑትም አሉ።"

"ወገሻ?"

"እንደሱ ይበሏቸው። ከዚያ የሥነ ልቦና ሐኪሞች፣ ከዚያ ደግሞ ሥነ መለኮት።"

"ሥነ መለኮት ምን?"

"የፓስተርነት ትምህርት።"

ሊታ ድንገት ሳቀች። ሳቋ ከቢሮው ጋር የማይሄድ፣ ጮክ ያለ ሳቅ ነበር። "አክስቴ፣ ኮይ እኮ ነው! ኮይ ባለሙያ ሆነልሽ!"

ኮይ ታናሽ ወንድሟ ነው። የሥነ መለኮት ትምህርቱን እየተከታተለ በሸለቋችን ያለችውን ትንሿን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ያገለግላል። ደግ ልጅ ነው፣ ድምፁም ያምራል፤ ምስማር ሲመታ ግን አውራ ጣቱን ስቶ አያውቅም።

ፕሪዊት የሳቁን ምክንያት አላወቀም፤ አብሮን ፈገግ ሊል ሞከረና ተወው። "አንድ ነገር አለ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሕጉ ከመግባቱ በፊት ትምህርት የጀመሩ ተማሪዎች በድሮው ደንብ እንዲቀጥሉ ተፈቅዶላቸዋል።"

ሊታ ቀና አለች። "እኔ እኮ ጀምሬያለሁ። ሕጉ ሳይገባ ነው የጀመርኩት።"

"አዎ። ግን የተፈቀደው ለዚያው ትምህርት ቀድሞ የመንግሥት ብድር ለወሰደ ነው። አንቺ አልወሰድሽም።"

"ከፍዬ ነዋ ያልወሰድኩት!"

"አውቃለሁ። በጥሬ ገንዘብ ነው የከፈልሽው። ያን ጊዜ ጥቂት እንኳ ተበድረሽ ቢሆን ኖሮ…" አልጨረሰውም። ክራቫቱን ነካካ።

ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁት። "ማለት አሁን ይህች ልጅ የምትቀጣው ዕዳ ስለሌለባት ነው? በመጀመሪያው ቀን እጇን ዘርግታ ብትበደር ይቀጥሉላት ነበር፤ ከኪሷ ስለከፈለች ግን ውጪ አሏት? ይኼን ያሰበው ማን ነው? ተቀምጦ ነው ያሰበው ወይስ እየተኛ?"

"እኔ አይደለሁም ያወጣሁት፣ እትዬ።"

"አንተ አለመሆንህን አውቃለሁ! ያወጡት እዚህ ቢኖሩ ኖሮ ይኼ ውሃ አናታቸው ላይ ነበር።"

"አክስቴ" አለች ሊታ፣ "ልጁን ተይውና ውሃሽን ጠጪ።"

የሕጉ ደጋፊዎች የሚሉትን አውቃለሁ። ሥነ ዜጋ ሳስተምር ነው ያረጀሁት፤ ሁለቱንም ወገን ለተማሪ ማስረዳት እንጀራዬ ነበር። መንግሥት ቦርሳውን ያለ ልክ ከፍቶ ሲያበድር ትምህርት ቤቶች ክፍያ ቆለሉ፣ ወጣቱ ዕድሜ ልኩን የማይወጣው ዕዳ ውስጥ ገባ፤ ቦርሳው ሲጠብ ክፍያው ይወርዳል ይላሉ። የሞኝ ክርክር አይደለም፣ ግማሹ እውነት ነው። እንግዲያው ክፍያውን የቆለለውን ያዙት! ትምህርት ቤቱን ጥሩት፣ ለምን ስልሳ ሺህ ታስከፍላለህ ብላችሁ ጠይቁት። እነሱ ያደረጉት ቦርሳውን ዘግተው ክፍያውን እንዳለ መተው ነው። ክፍያው አንድ ቀን ይወርድ ይሆናል። የሊታ የሚቀጥለው ሴሚስተር ግን የሚከፈለው ነሐሴ ውስጥ ነው።

ደግሞ "ባለሙያ" ስለሚለው ቃል አትቆጡ ይሉናል። ትርጉሙ ለሒሳብ አሠራር የወጣ ነው፣ ነርስን ለመናቅ አይደለም ይሉናል። የሰው ልጅ ሳንባ በማሽን ሲሠራ ሌሊቱን ቆማ የምታድርን ሴት ባለሙያ አይደለሽም ብለው በሕግ ከጻፉ በኋላ፣ አይዞሽ ለሒሳብ ያህል ነው ማለት ምን የሚሉት ማጽናኛ ነው? ለሒሳብ ብቻ ከሆነ ሌላ ቃል ጠፍቶ ነው?

ይኼን ሁሉ የተናገርኩት መኪና ውስጥ፣ ወደ ተራራው ስንመለስ ነው። ሊታ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ሰማችኝ። ከሰል የጫነ መኪና ከፊታችን እየተንፏቀቀ ዳገቱን ዘግቶት ነበር።

"ጨረስሽ?" አለችኝ።

"አልጨረስኩም፤ ትንፋሽ እየወሰድኩ ነው።"

"እንግዲያው ትንፋሽሽን እስክትወስጂ አንድ ነገር ልለምንሽ። ለአባዬ እንዳትነግሪው።"

ለምን እንዳለችኝ አልጠየቅኳትም። የመጀመሪያውን ሴሚስተር የከፈለው ወንድሜ ቨርጅል ነው። በጋጣው ጀርባ ሸንተረሩ ላይ የቆሙትን ጥቁር የዋልነት ዛፎች፣ አናጢዎች ስንት ዓመት ሽጥልን እያሉ የለመኑትን፣ አስቆርጦ ሸጠ። ሊታ ገና መመዝገቧን ስትነግረው "ስንት ነው መጀመሪያ የሚፈልጉት?" አለ፣ ነገረችው፣ በሳምንቱ መጋዝ የያዙ ሰዎች መጡ። ኋላ መበደሯ እንደማይቀር ያውቃል፤ እሱ የፈለገው ዕዳው ዘግይቶ እንዲጀምር ነበር። ባጠረ ቁጥር ይሻላል አለ። ይህን በማድረጉ የልጁን መንገድ እንደዘጋባት ማን ደፍሮ ይንገረው?

"ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?" አልኳት።

"አላውቅም። ወደ ዋርድ እመለስና እቆጥባለሁ። ሦስት አራት ዓመት።"

"ዱዊስ?"

ዱዊ የሆስፒታላችን ብቸኛ ሰመመን ሰጪ ነው። ጡረታ መውጣት ከነበረበት ጊዜ ብዙ ቆይቷል፤ ወገቡ አልቆለት በተጠባባቂነት ስልኩን ትራሱ ሥር አድርጎ ነው የሚያድረው። ሊታ እስክትመረቅ እቆያለሁ፣ ከዚያ በላይ አንድ ቀን የለም ብሏል። ቦርዱም የማዋለጃ ክፍሉን ያልዘጋው በዚያ ቃል ነው፤ ሰመመን የሚሰጥ ከሌለ ምጥ የጠናባትን ሴት በኦፕራሲዮን ማዋለድ አይቻልም። ክፍሉ ከተዘጋ ነፍሰ ጡሮቻችን ያን ከሰል ጫኝ እየተከተሉ ተራራውን ሊሻገሩ ነው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ እንደ ልማዳችን ቨርጅል ቤት ተሰበሰብን። የቦሎቄ ሾርባ፣ የበቆሎ ዳቦና የተከተፈ ሽንኩርት አለ። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ የሚያበስለው ራሱ ነው፤ ጨው ያበዛል፣ ማንም ደፍሮ አይነግረውም። ዕድሜውን ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ስለጨረሰ ሳንባው በከሰል አቧራ ተይዟል። አረፍተ ነገሩን እየከፋፈለ፣ በየመሃሉ እያረፈ ነው የሚናገረው።

ኮይ ማዕዱን ባረከ። ጸሎቱ እንደ ወትሮው ረዘም አለ። "…እህታችን ሊታንም በጀመረችው መንገድ፣ በሩን ስለከፈትክላት እናመሰግንሃለን…"

ከአፍንጫዬ አንድ ድምፅ አመለጠኝ።

"ምን ሆንሽ?" አለ ቨርጅል፣ ኮይ አሜን ከማለቱ።

"ምንም።"

"ኦፓል። አንቺ… ምንም ሆነሽ አታውቂም።"

ሊታ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "አክስቴን ተዋት፣ አባዬ። ብድሩን ከለከሉኝ።"

ሁሉንም ነገረችው። ዋልነቱን ዘላ ነበር የነገረችው፣ ስለ ጣሪያውና ስለ ዝርዝሩ ብቻ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

"ባለሙያ… አይደለሽም ነው የሚሉት?"

"በሕጉ ትርጉም ነው አባዬ።"

"ማን ነው የተረጎመው?"

"ዋሽንግተን ያሉት ናቸዋ።"

"ማንን ነው ታዲያ… ባለሙያ ያሉት?"

ሊታ በአገጯ ወደ ኮይ ጠቆመች። ቨርጅል ወደ ልጁ ዞሮ ከላይ እስከ ታች አየው። "ይኼን?"

"እኔ አልጠየቅኳቸውም አባዬ" አለ ኮይ፣ ጆሮው ቀልቶ።

ቨርጅል ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉ አልቆም ብሎት ጠረጴዛውን ይዞ ቆየ፤ ሊታ ተነስታ እጇን ጀርባው ላይ አድርጋ እስኪያልፍለት ጠበቀች። ሲረጋጋ ኮይ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረገው።

"ስሚኝ ሊታ። ለኔ ሃምሳ ሺህ ይፈቀድልኛል አላችሁ አይደል? የኔ ትምህርት ቤት ክፍያው የሱን ሩብ አይሞላም። ኪራይ፣ ምግብ፣ መጽሐፍ፣ መኪና እያልኩ የቻልኩትን ያህል እበደራለሁ። የተረፈውን ላንቺ እሰጥሻለሁ።"

እውነቱን ለመናገር ልቤ ዘለለ። ሕጉን በራሱ ዝርዝር መምታት! ልናገር አፌን ስከፍት ቨርጅል ቀደመኝ።

"ትፈርማለህ?"

"እፈርማለሁ።"

"ገንዘቡ… ለራሴ ትምህርት ነው ብለህ?"

ኮይ የዳቦውን ፍርፋሪ በጣቱ ሰበሰበ።

"ከዚያ እሁድ… ትሰብካለህ?"

"እህቴ እኮ ናት፣ አባዬ። ጌታ ልቤን ያያል።"

"ልብህን እሱ ይየው። ፊርማህን ግን… ሌላ ሰው ነው የሚያየው።"

"ይየዋ!" አልኩ እኔ። "እነሱስ ምን ፈርመው ነው? ሰውን ባለሙያ አይደለሽም ብለው የፈረሙት እውነት ነው?"

"አክስቴ፣ አታቀጣጥዪው" አለች ሊታ። ወደ ወንድሟ ዞረች። "ኮይ፣ ምእመናንህ ደሞዝህን በዶሮና በቲማቲም ነው የሚከፍሉህ። ያን ሁሉ ዕዳ በምን ልትከፍል ነው? ሰው እያጠመቅክ?"

"አትሳለቂብኝ።"

"አልተሳለቅኩም። አንተ ዕድሜ ልክህን የኔን ዕዳ ተሸክመህ፣ በዚያ ላይ ይያዙኝ ይሆን እያልክ ልትኖር ነው? ብትልክልኝ እመልሰዋለሁ። ሙት ስልህ!"

ኮይ ተነስቶ ወደ በረንዳው ወጣ። በሩን አላጋጨውም፤ ቀስ አድርጎ ዘጋው። ቢያጋጨው ይሻለን ነበር።

ቨርጅል ዳቦውን ሾርባው ውስጥ ፈተፈተ፤ አልበላውም። "አንድ ነገር… ዘለልሽ" አላት። "አብሮሽ የገባው… የብላንቶን ልጅ። እሱም ነርስ ነው። እሱን… አልከለከሉትም። ትናንት አባቱን… አገኘሁት።"

ሊታ አየችኝ። እኔም አየኋት።

"እሱ ምን… አድርጎ ነው?"

"ተበድሮ ነበር" አለች ሊታ። "ሲጀመር።"

"አንቺስ?"

"አባዬ፣ አንተ አይደለህም።"

"ተበድረሽ ቢሆን ኖሮ… አይከለክሉሽም ነበር?"

"ማን ሊያውቅ ይችል ነበር? ማንም…"

"ጠየቅኩሽ እኮ።"

"አይከለክሉኝም ነበር።"

ራሱን ነቀነቀ፤ አንድ ሰው መንገድ ጠይቆ መልስ ሲያገኝ እንደሚነቀንቀው። ከዚያ ሳህኖቹን ሰብስቦ ማጠብ ጀመረ። ጀርባው ወደኛ ነበር።

ይኼን ሰው እኔ ነኝ የማውቀው። አባታችን የሚከፈለው የከሰል ማዕድን ኩባንያው ራሱ በሚያትመው ቆርቆሮ ገንዘብ ነበር፤ እሱም ከኩባንያው ሱቅ በቀር የትም አይሠራም። ዱቄቱ ከዚያ፣ ጫማው ከዚያ፣ መቆፈሪያው ሳይቀር ከዚያ ይገዛል። የጉድጓዱ ጣሪያ ተደርምሶበት ሲሞት የሒሳብ ሹሙ ቤታችን መጥቶ ለእናታችን ባልሽ ዕዳ አለበት አላት። ዕዳውን ሠርቶ የጨረሰው ገና ትምህርት ላይ የነበረው ቨርጅል ነው፣ በዚያው ጉድጓድ ገብቶ። ከዚያ ወዲህ ለማንም አልፈረመም። መኪናውን በጥሬ ገዛ፣ ቤቱን ክፍል በክፍል ሠራ። እነዚያ በቴሌቪዥን ቀርበው ቁጠባን የሚሰብኩን፣ በአቅማችሁ ኑሩ የሚሉን ሰዎች በሕልማቸው የሚያዩት ዜጋ ይኸውላችሁ! አንድ ጊዜ ሕግ ሲያወጡለት ያወጡለት ሕግ ደግሞ ይኸው።

በማግሥቱ ጠዋት ደወለልኝ። "ባንክ… አብረሽኝ ነይ" አለ።

ባንኩ ብድር ክፍል ያለው ሎውል ተማሪዬ ነበር። ክፍል ውስጥ መልስ ሳያውቅ እጁን የሚያወጣ ልጅ ነበር፤ አሁን ሸሚዙ ተተኩሶ፣ ፀጉሩ ወደ ኋላ ተለጥፎ ተቀበለን። "ቲቸር ኦፓል! ጋሽ ቨርጅል፣ ይግቡ፣ ይግቡ።" ሊታ ከኋላችን ነበረች። የመጣችው ልታስቀረው ነው፤ ከቤት እስከ ባንኩ በር ድረስ ስትለምነው ነበር።

ሎውል አስረዳን። ሊታ ሥራ ስለለቀቀች ብቻዋን አያበድሯትም፤ መሬት ያለው ዋስ ያስፈልጋል። ወለዱ ከመንግሥቱ ይከብዳል፣ መቁጠር የሚጀምረውም ከዛሬ ነው፤ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል።

"ዝቅ ብሎ ያውቃል?" አልኩት።

"ቲቸር፣ እርስዎን መዋሸት አልችልም። በቅርቡ አላየሁም።"

"ከዚህ ወር ወዲህ ሥራ በዝቶላችኋል መቼም።"

"አልክድም። ሰሞኑን እንደናንተ ያሉ ብዙ መጥተዋል።"

"እንግዲህ ተበዳሪን ከዕዳ ለማዳን የወጣ ሕግ ነው አሉን! ከዕዳ አድነው ወዴት እንደላኩን እየው። እዚህ አንተ ጋ።"

"እኔ ተቀጣሪ ነኝ፣ ቲቸር።"

ሁሉም ተቀጣሪ ነው። ፕሪዊትም ተቀጣሪ ነው፣ ሎውልም ተቀጣሪ ነው። ያን ጠዋት የምጮህበት አንድ ሰው ቢሰጡኝ ምንኛ በወደድኩ።

ሊታ ተነሳች። "አባዬ፣ በቃ እንሂድ። እኔ ወደ ዋርድ እመለሳለሁ። ነገ ይቀበሉኛል።"

"ዱዊ… ይጠብቅሻል?"

"ሌላ ሰው ያገኛሉ።"

"እስከ ዛሬ… አግኝተዋል?"

ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አነገተች።

"ተቀመጪ እንግዲያው።"

"መሬትህን አላስይዝህም! የቀረህ እሱ ነው።"

"ሸንተረሩን እንደሆነ… አራቁቼዋለሁ። የቀረው ሣር ነው።" ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቅነው። "ልጄ፣ እኔ እፈርምልሻለሁ። አንቺ ግን… ስለኔ ብለሽ እንዳትፈርሚ። ስለኔ ብለሽም… እንዳትተዪው። ሥራውን ትፈልጊዋለሽ?"

"እፈልገዋለሁ።" በጣም ቀስ ብላ ነው ያለችው።

"ምን ያህል?"

"እዚያ ክፍል ስገባ…" ጀመረችና አቋረጠች። "በጣም ነው የምፈልገው አባዬ። ሌላ ነገር መሆን አልፈልግም።"

ሎውል ወረቀቶቹን ደረደረ። ዋናዋ ተበዳሪ እሷ ስለሆነች መጀመሪያ የምትፈርመው እሷ ነች አለ። እስክሪብቶውን ያዘች። ዓይኗ ወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ የአባቷ ደረት ላይ ነበር፣ ከሸሚዙ ሥር እንዴት እንደሚነሳና እንደሚወርድ ታያለች። በሆስፒታሉ አልጋዎች ዳር ቆማ የሰው ደረት እንዲሁ ስታይ የኖረች ልጅ ናት። ምን እንዳነበበችበት አልነገረችኝም። ጎንበስ ብላ ፈረመች።

ቨርጅል ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። ሎውል የሚፈረምበትን ቦታ በጣቱ አሳየው፣ ወረቀቱን ገለጠለት፣ ደግሞ አሳየው። አላነበበም። ስሙን አላሳጠረም፤ የመሃሉን ስም ጨምሮ ሙሉውን፣ እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው እያቆመ ጻፈው። እኔ ስለ ሕግ፣ ስለ ባንክ፣ ስለ ዋሽንግተን የምለው ነገር አፌ ላይ ተደርድሮ ነበር። ስሙን ሲጽፍ ሳየው አንዱም አልወጣልኝም።

ውጪ ሊታ አንገቱን አቅፋ ቆየች። መኪናዋ ተጠግኖ ከባንኩ ማዶ ካለው ጋራዥ ወጥቷል፤ በማግሥቱ ጠዋት ክፍል ነበራት። "ሂጂ" አላት፣ "ዳገቱ ላይ… መኪና ሳይበዛ።" እሷም ሄደች። በመስኮት እጇን አውጥታ አወዛወዘች፣ እሱም ባርኔጣውን ከፍ አደረገላት። ኮይ ደውሎልኝ ነበር፤ ምን እንደሆነ ስነግረው "ባለሙያው እኔ ነኝ ማለት ነው" አለና ዘጋው።

እኔና ቨርጅል አሮጌ ፒክአፑ ውስጥ ገባን። ቁልፉን አስገባ፣ አላዞረውም።

"ወረቀቱን… አንብቢልኝ" አለ።

"ፈርመህ ጨረስክ እኮ፣ ጋሼ።"

"መነጽሬን… ረስቼ ነው የመጣሁት።"

መነጽሩ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ ከፊል ክፈፉ ይታየኛል። አላልኩትም። ወረቀቱን ከፖስታው አውጥቼ ከመጀመሪያው መስመር ጀመርኩ። ሠላሳ ዓመት ለልጆች ሕገ መንግሥት ያነበብኩበት ድምፅ ነው፤ እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም። እሱ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ከፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ሳይነቅል ይሰማል። አንዳንዴ "እሱን ድገሚው" ይላል። እደግመዋለሁ።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ።

"ምን ይላል?"

"'ዋሱ በሕይወት ባይኖር' ይላል።"

"ታዲያ… አንብቢዋ።"

አነበብኩለት። ዋሱ ቢሞት ዕዳው አይሞትም፤ መሬቱ እስከ መጨረሻው ክፍያ ድረስ በመያዣነት ይቆያል፤ ወራሾቹ ባንኩ ሳይፈቅድ ሊሸጡት አይችሉም።

"ድገሚው።"

ደገምኩለት። ከንፈሩ ከኔ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር፣ ቃላቱን እየሸመደደ። ፀሐዩ የመኪናውን የፊት መስታወት መትቶ ወረቀቱ ላይ አንጸባረቀ፤ ፊደሉ ጠፋብኝ፣ ወይም ዓይኔ ነው። እሱ ሞተሩን አስነሳ። መኪናውን ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ መለሰ፣ የፍርድ ቤቱን ግንብ ተጠግቶ ጥላው ውስጥ አቆመው፣ ሞተሩን አጠፋ።

"አሁን ቀጥዪ" አለኝ።